ከካሮንጋ ወደ ዞምባ የተላኩ ድምፆች

ሰው የሚወደውን ነገር ከሌባ ለመጠበቅ በር ይቆልፋል፣ ውሻ ያስራል፣ እንቅልፍ ያጣል። «ነገ አደርገዋለሁ» የሚለውን ቃል ግን ማንም እንደ ሌባ አይጠረጥረውም። እኔም አልጠረጥርም ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በከተማችን በካሮንጋ አውቶቡስ መናኸሪያ ከዝናብ ተጠልዬ ሳለሁ የጀመረ ነገር ነው።

በዚያ ሳምንት ዝናቡ አላባራ ብሎ የሩኩሩ ወንዝ ዳርና ዳር ያለውን የሩዝ ማሳ ውጦት ነበር። ለማስተምርበት ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ላመጣ ወደ ምዙዙ ከተማ ልሄድ መናኸሪያ ስደርስ ሾፌሮቹ ሞተር አጥፍተው በረንዳ ላይ ተኮልኩለዋል። በደቡብ በኩል ያለው ድልድይ ተደርምሷል አሉኝ። ልመለስ ዘወር ስል ከቲኬት መሸጫው ጥግ አባባ ዌድሰን ምዋንጎንዴን አየኋቸው። በላስቲክ የተጠቀለለ የብስኩት ቆርቆሮ እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

አባባ ዌድሰን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በከተማችን ሬዲዮ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በብስክሌት ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ የሽማግሎችን ታሪክ፣ የዓሣ አጥማጆችን ዘፈን፣ የአሮጊቶችን ተረት በመቅረጫ ሲሰበስቡ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ከእነዚያ ተናጋሪዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

«በዚህ ዝናብ ወዴት ነው አባባ?» አልኳቸው።

«ወደ ዞምባ ነበር መምህር፣ ይሄን ኮሌጁ ላደርስ። ሰማዩ ግን ሌላ ሐሳብ ያለው ይመስላል» አሉና ቆርቆሮውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ሁሉም ድምፅ እዚህ ውስጥ ባለ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሰሞኑን ሲከፈት ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። የኔ ጉልበት እንደሚለው መስሎኝ ነበር። ያቺ የሬዲዮ ጣቢያው ልጅ ሉሱንጉ ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ። ዕቃው ሊሞት ነው አለችኝ።»

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«የለም።»

ይህን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። የአንድ አገር አፍ በሙሉ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተዘግቶ በመናኸሪያ በረንዳ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ወዲያው አንዲት ወጣት በጭቃ ተለውሳ፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ እየሮጠች መጣች። ሉሱንጉ ካዩኒ ነበረች። ዞምባ ኮሌጅ ገብታ የኮምፒዩተር ትምህርት የጨረሰች፣ የጣቢያው ዕቃ ሲበላሽ ሁሉም የሚጠራት ልጅ ናት።

«አባባ! ቤትዎ ሄጄ አጣሁዎት! ያንን ነገር ይዘው በዚህ መንገድ ሊንገላቱ ነው? አንድ ጉድጓድ ውስጥ አውቶቡሱ ቢዘል አለቀለት እኮ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልቅበረው?»

«ይስጡኝና በኢንተርኔት ልላከው። በበጋው ለመንኩዎት። 'ዝናቡ ሲያልፍ' አሉኝ። ዝናቡ ይኸው፣ ሊያልፍ አይደለም፣ ቤታችን ሊገባ ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። «መምህር፣ ይፍረዱኝ» አሉ ወደ እኔ። «ድሮ አንድ የተከበረ ሰው መኪና ይዞ መጣ። 'ካሴቶቹን ገልብጬ እመልሳለሁ' አለኝ። ሻይ አጠጣሁት፣ ዓሣ ጠብሼ አበላሁት፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ እየገለበጠ ነው!»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ሉሱንጉ ግን አልሳቀችም።

«እሱ የወሰደው ዋናውን ነው፤ እኔ የምልከው ግልባጩን። ዋናው ከእቅፍዎ አይወጣም።»

«ከእቅፌ ካልወጣ እንዴት ዞምባ ይገባል? ተረት አታውሪልኝ።»

«እርስዎ በሬዲዮ ሲናገሩ ድምፅዎ ችሉምባ ድረስ ይሰማ አልነበረም?»

«ይሰማ ነበር!»

«አፍዎስ የት ነበር?»

አባባ ዌድሰን ሳያስቡት ከንፈራቸው ፈታ አለ። «አፌማ እዚሁ ነበር» አሉ።

እንዲህ ያለ ክርክር ላይ ብዙ ወጣቶች ሲሳሳቱ አይቻለሁ። አዋቂነታቸውን ለማሳየት ይቸኩሉና ሽማግሌው ከሚያውቀው ነገር ሳይነሱ እነሱ ከሚያውቁት ይነሳሉ። ሉሱንጉ ግን ከሬዲዮ ተነሳች፤ ከሬዲዮም ስለተነሳች ሽማግሌው ቢያንስ አብረዋት ወደ ጣቢያው ሊሄዱ ፈቀዱ። እኔንም «ምስክር ይሁኑኝ» ብለው አስከተሉኝ።

ጣቢያው ከወንዙ ብዙም የማይርቅ የሸክላ ቤት ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ውሃ የከበባቸውን ቤተሰቦች ለማውጣት ስለሄዱ ማንም አልነበረም። ከጓሮ ያለው የማንጎ ዛፍ ግንድ በውሃ ተከቧል። ሉሱንጉ ላፕቶፑን ከፍታ ዲስኩን አገናኘችው። ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሦስታችንም አንድ ጊዜ ተያየን።

«ወደዚህ ላፕቶፕ ብቻ ገልብጪውና ተገላገይ» አሉ አባባ ዌድሰን።

«ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ሆዱም ሞልቷል። ቢይዝስ? እሱም እኮ የሚያድረው እዚሁ ወንዝ ዳር ነው። የሚያስፈልገን ሩቅ ቦታ ነው። ዞምባ ያስተማሩኝ ሰው ኮሌጁ ውስጥ ባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ቦታ ሰጥተውኛል።»

ከዚያ ላፕቶፑ ላይ አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተች። ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ቁልፍ የለው፤ አንዲት መስመር ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ይሄ ምንድን ነው? ሰው ሁሉ በሥዕል በሚሠራበት ዘመን አንቺ ወደ ጨለማ ትገቢያለሽ?»

«አርሲንክ የሚባል ፕሮግራም ነው። በጽሑፍ ነው የሚታዘዘው። 'ከዚህ ወስደህ እዚያ አድርስ' ብዬ እጽፍለታለሁ።»

«ያ ሌላው፣ የሚጫኑት፣ ምን አጠፋ?»

«በእሱማ ስንት ጊዜ ሞከርኩ! የኛን ኔትወርክ ያውቁታል። በተቆረጠ ቁጥር 'እንደገና ጀምር' ይለኛል። ይሄኛው ግን… በታንኳ ሩዝ የሚያሻግር ሰው አለ እንበል። ማዕበል ቢመጣና ቢቆም፣ ያሻገረውን ጆንያ መልሶ ያመጣዋል?»

«እብድ ካልሆነ።»

«ይሄም እብድ አይደለም። ማዕበሉ ሲቆም ማዶ ያለውን ያያል፣ ከዚህ ያለውን ያያል፣ የጎደለውን ብቻ ይወስዳል።»

«በመንገድ ላይ ሌባ ቢከፍተውስ?»

«ታሽጎ ነው የሚሄደው። መክፈቻው ያለው ማዶ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ አንዱ ቃል ተቆርጦ ቢደርስ? ታሪክ ዐዋቂው ምዋካጂላ የተረኩት የነገሥታት ታሪክ አንድ ስም ቢጎድልበት የአንድ ጎሳ አባት ጠፋ ማለት እኮ ነው!»

«እያንዳንዱ ፋይል እንደ ሰው አሻራ አለው። እዚህ አሻራውን ይወስዳል፣ እዚያም ይወስዳል፣ ሁለቱ ካልገጠሙ እንደገና ይልካል። እርስዎ ካሴቱን ለዚያ ሰው ሲሰጡ ማን አሻራ ወሰደልዎ?»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ትንሽ ሰላች። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ ሌላ ነገር ያስጨነቃቸው ይመስላል።

«አንድ ልጠይቅሽ። በጽሑፍ ነው የሚታዘዘው አልሽ። ታዲያ አንዲት ፊደል ብትሳሳቺ?»

«አልሳሳትም።»

«እስካሁን ከነገርሽኝ ሁሉ» አሉ አባባ ዌድሰን፣ «ያላመንኩሽ ይሄንን ብቻ ነው።»

ሉሱንጉ ወደ ጥቁሩ መስኮት ዞረች። ዲስኩ ቀጭ ይላል፣ ውጭ ወንዙ ያጉረመርማል፣ ባትሪው ይቀንሳል። ጣቶቿ ሲጽፉ እንደ ዝናብ ነበሩ። ረጅሙን ትእዛዝ ጨረሰችና የመጨረሻዋን ቁልፍ ልትጫን ስትል ሽማግሌው የተሸበሸበ መዳፋቸውን በፊደሎቹ ላይ ዘረጉ።

«ቆይ። ይሄ አገልጋይሽ ከመሥራቱ በፊት ምን ሊሠራ እንዳሰበ መጠየቅ ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን ጊዜ ይበላል አባባ፣ ዲስኩ…»

«መምህር፣ ምን ይላሉ?»

እኔም ፈራሁ። መዘግየትም ያስፈራል፣ መቸኮልም ያስፈራል። «ትጠይቀው» አልኩ።

ሉሱንጉ በረጅሙ ተንፍሳ በትእዛዙ ላይ አንድ ፊደል ጨመረች። ይህች ፊደል «ሥራውን አትሥራ፣ ብትሠራ የምታደርገውን ብቻ ንገረኝ» የምትል ናት። ተጫነች። ጥቁሩ መስኮት በጽሑፍ ተሞላ፤ መስመር በመስመር ላይ እየተደረበ ወደ ላይ ይሮጣል። አባባ ዌድሰን መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«'ይሰረዛል'» ብለው አነበቡ። «ይሰረዛል፣ የምዋካጂላ ትረካ። ይሰረዛል፣ የዓሣ አጥማጆች ዘፈን። ይሰረዛል፣ የናዚምባ የለቅሶ ግጥም…» ቀና አሉ። «ሉሱንጉ፣ እዚህ አገር 'ይሰረዛል' ማለት ሌላ ትርጉም አለው?»

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። እጆቿን ከላፕቶፑ ላይ እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበቻቸው።

«ገለበጥኩት» አለች፣ ድምፅዋ አልወጣ እያለ። «'ከ' እና 'ወደ' የሚለውን ገለባበጥኩት። ዞምባ ያለው ቦታ ገና ባዶ ነው። በሥራዬ ሁለቱን ወገን አንድ ዓይነት አድርግ የሚል ትእዛዝ መጨመር ለምዶብኛል። እንግዲህ… ይሄኛውን እንደዚያኛው ባዶ አድርገው ብዬዋለሁ። ብጫነው ኖሮ ሁሉንም…»

አልጨረሰችውም። ማንም እንድትጨርሰው አልፈለገም።

አባባ ዌድሰን ተነስተው ወደ ቤቱ መስኮት ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ውሃውን ሲያዩ ቆዩ። በቃ፣ ዲስኩን ነቅለው ሊሄዱ ነው አልኩ በልቤ፤ ቢሄዱም አልፈርድባቸውም። ልጅቷ አቀርቅራ እንባዋ ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠባል።

«መምህር» አሉ ሳይዞሩ፣ «እኔ ብዙ ዘመን ከሰው ጋር ሠርቻለሁ። አለቃ ነበረኝ፣ ጸሐፊ ነበረኝ፣ ያ ባለ መኪናም ነበረ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ክፉ ከማድረጉ በፊት 'ይሄንን ላደርግ ነው' ብሎ ነግሮኝ አያውቅም።» ከዚያ ዞረው ወደ ጥቁሩ መስኮት አመለከቱ። «ይሄ ነገረኝ። ተጠየቀና እውነቱን ተናገረ። እኔ የጠረጠርኩት እሱን ነበር። እሱ ግን የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያደርገው። ተነሽ ልጄ፣ እንደገና ጻፊ።»

«እኔ አልጽፍም። ሌላ ሰው ይፈለግ።»

«ማን ይፈለግ? ቅድም 'አልሳሳትም' ያለችኝን ልጅ ፈርቻት ነበር። አሁን የምትንቀጠቀጠዋን ነው የማምናት። ጻፊ!»

ሉሱንጉ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠራረገች። በዚህ ጊዜ ቀስ ብላ ጻፈች። የመሰረዙን ትእዛዝ ጨርሳ አወጣችው፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም ነበርና። ከዚያ ሽማግሌው ጮክ ብላ እንድታነበው ጠየቋት።

«ከየት?»

«ከእርስዎ ዲስክ።»

«ወዴት?»

«ወደ ዞምባ።»

«የሚሰረዝ?»

«ምንም።»

እንደገና ሙከራው ተደረገ፤ መስኮቱም የሚላኩትን ስሞች ብቻ ደረደረ። በዚህ ጊዜ ሉሱንጉ አንድ ከባድ ነገር ጠየቀች። «አባባ፣ ዲስኩ መሐል ላይ ሊሞት ይችላል። ማን ይቅደም?»

የዚያን ቀን ከሁሉ ያስጨነቀኝ ይህ ጥያቄ ነው። አባባ ዌድሰን ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የሞቱት ይቅደሙ» አሉ በመጨረሻ፤ «ከሞቱትም ልጅ ያልተዉት። እነሱን ሌላ የሚያስታውስ የለም። ከዚያ የታሪክ ዐዋቂዎቹ። ከዚያ ዘፈኑ። እናቴ ሩዝ ስትወቅጥ የምትዘፍነው አለ፤ እሱ መጨረሻ ይሁን።»

«እናትዎ?» አልኩ ደንግጬ። «ለምን አይቀድሙም?»

«ላኪው እኔ ስለሆንኩ የኔ እናት ልትቀድም? የሌላው ሰው እናት ምን አጠፋች?»

ሉሱንጉ ተጫነች። የመጀመሪያው ድምፅ ወደ ዞምባ መጓዝ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሁሉ ጭንቀት ነበሩ። ኔትወርኩ ሲቆረጥ ሽማግሌው ብድግ ይላሉ፤ ሲመለስና ፕሮግራሙ ካቆመበት ሲቀጥል ወንበራቸው ላይ ይወድቃሉ። በማግስቱ ውሃው የጣቢያውን ደፍ ነካ። ሁሉን ነገር ነቅለን፣ ዲስኩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤቴ በጀርባችን ተሸክመን ወጣን። አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ዘረጋነው። ሉሱንጉ ያንኑ ትእዛዝ ጻፈች፣ ጮክ ብላ አነበበችው። ፕሮግራሙ ማዶ ያለውን አየ፣ ከዚህ ያለውን አየ፣ የጎደለውን ብቻ ማሻገር ጀመረ። አባባ ዌድሰን ይህን ባዩ ጊዜ እጃቸውን አጨብጭበው፣ «ጆንያዎቹን መልሶ አላመጣም!» እያሉ እንደ ልጅ ሳቁ። በእነዚያ ቀናት ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ፣ የበቆሎ ገንፎው ንሲማና ኡሲፓ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ቀርቦልን ልንበላ እጃችንን ስንታጠብ፣ ክፍሉ ዝም አለ። መጀመሪያ ምን እንደጎደለ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፦ ቀጭታው ቆሟል። ሉሱንጉ ዲስኩን ነካካችው፣ ነቀለችው፣ ሰካችው። አልተነሳም።

«ምን ቀረ?» አሉ አባባ ዌድሰን።

ሉሱንጉ ማዶ ያለውን መረመረች። ከመጀመሪያው አንስቶ በየተራው ደርሷል፤ አሻራውም ገጥሟል። የዓሣ አጥማጆቹ ዘፈን ገብቷል፣ የናዚምባ የለቅሶ ግጥም ገብቷል፣ ምዋካጂላ የተረኳቸው ነገሥታት አንድ ስም ሳይጎድል ገብተዋል።

«የመጨረሻው ብቻ» አለች፣ ቀና ብላ ልታያቸው ሳትችል። «የእናትዎ።»

ሽማግሌው እጃቸውን መታጠብ ቀጠሉ። ውሃው አልቆ እንኳ ጣታቸውን ያሻሹ ነበር። ምሳው ቀዘቀዘ፤ ማናችንም አልቀመስነውም።

ከዚያ በኋላ ዲስኩን ይጠግናል የተባለ ሰው ሁሉ ታይቷል፤ አልሆነም። ጎርፉ ሲሸሽ የጣቢያው ቤት ግድግዳው እስከ ወገቡ ጭቃ ነበር። ያ ዲስክ ደህና ቢሆን ኖሮ እንኳ መደርደሪያው ላይ ቢገኝ አይተርፍም ነበር። ድምፆቹ ግን ከዞምባ ተመልሰው መጡ፤ በአዲሱ ጣቢያ በየሳምንቱ ይሰማሉ። አባታቸውን ሳያዩ ያደጉ ልጆች የአባታቸውን ሳል ሰምተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

በበጋው የአካባቢው ሹማምንትና የየመንደሩ የታሪክ ዐዋቂዎች በተሰበሰቡበት አባባ ዌድሰን እንዲናገሩ ተጋበዙ። ሉሱንጉና እኔ ከኋላ ተቀምጠን ሰማን።

«ወገኖቼ» አሉ፣ በዚያ ሬዲዮ ላይ በምናውቀው ድምፅ፣ «የያዛችሁትን ነገር አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። አንዱን እቤት፣ አንዱን ሩቅ አድርጉ። ሩቅ ለመላክ እንደዚች ልጅ ያለ ሰው ፈልጉ። ጥቁሩን መስኮት አትፍሩ፤ ሲቆረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የደረሰውን ከተላከው ጋር ያመሳክራል፣ በመንገድ ላይ ለሌባ አይከፈትም። ነገር ግን ከመሥራቱ በፊት ምን ሊሠራ እንዳሰበ ጠይቁት። ትእዛዙንም ጮክ ብላችሁ አንብቡት።»

ከመሐል አንድ አጭር፣ ክፉኛ ተጠራጣሪ ሽማግሌ ተነሱ። ኪያባላ ይባላሉ፤ እቤታቸው የድሮ ካሴት እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን ነክቶት አያውቅም።

«ዌድሰን፣ እስቲ እውነቱን ተናገር። አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ሁሉን ያጠፋል ይባላል። ውሸት ነው?»

«እውነት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጉባኤው ተንጫጫ። ኪያባላ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ሰማችሁ?» አሉ።

«ቆይ ኪያባላ፣ አልጨረስኩም» አሉ አባባ ዌድሰን። «የኔ እናት ድምፅ ዛሬ የትም የለም። እሱን ግን ፊደል አላጠፋብኝም። ይቺ ልጅ ከጎርፉ በፊት በበጋ ለመነችኝ፣ 'ዝናቡ ሲያልፍ' አልኳት። እናቴን ያጠፋኋት እኔ ነኝ፣ በዚያች ቃል።»

ኪያባላ ቆመው ቀሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ በተሰበሰበው ሕዝብ መሐል እየተጋፉ ወደ ኋላ መጥተው ሉሱንጉ ፊት ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ካሴቱን የሚያነብ ዕቃ አለሽ?»

«አለኝ አባባ።»

«መቼ ትመጪያለሽ? ሳምንት ይሻላል ወይስ…» ብለው ጀመሩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ሉሱንጉ ቦርሳዋን አንስታ ቆማ ነበር።